ደብዳቤውን የተቀበለው ሰው

ጋሽ ሸረፈዲን ደሴ ውስጥ ዕቃና ደብዳቤ ሲያደርሱ ሃያ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። ከድርጅቱ ሰባት ሾፌሮች አንጋፋው እሳቸው ናቸው። ሲቆጡም እንደ አንጋፋ ነው፤ ቶሎ ሲበርዱ ያየ የለም።

ወሬው ከኮምቦልቻ መጣ። የደሴው ቅርንጫፍ ሊዘጋና ከኮምቦልቻው ጋር ሊጠቃለል ነው። ከእንግዲህ ቋሚ ሾፌር አይኖርም። የራሱ መኪና ያለው በኮንትራት ይሠራል፤ የሌለው አላህ ይሁነው። ከሰባቱ አንድም መኪና ያለው አልነበረም።

ሥራ አስኪያጇ ፊርደውስ ቅዳሜ ዕለት ሰባት ደብዳቤ ይዛ መጣች። ተቀብሎ የፈረመ በለውጡ እንደተስማማ ይቆጠራል። አንድም ሰው እጁን አልዘረጋላትም።

«እሺ» አለች። «ቢሮው መንገድ አያጣም።»

ሾፌሮቹ የራሳቸው ቅሬ አላቸው፤ ይጠያየቃሉ፣ ይቀባበራሉ። የቅሬው ዳኛ ጋሽ ሸረፈዲን ናቸው። እሷ እንደወጣች ተነስተው ቆሙ።

«ደብዳቤውን የተቀበለ ከቅሬያችን ወጣ! ቢታመም አንጠይቀውም፣ ቢሞትበት አብረን አንቀብርለትም።»

«አሚን» አሉ ሁሉም። ሚስባህም አሚን ብሏል።

ቃሉ ቃል ነው፤ ሥራው ደግሞ ሥራ። ሰኞ ጋሽ ሸረፈዲን እንደወትሯቸው ወደ ሰኞ ገበያ ሄዱ። በገበያ ቀን እዚያ ሰፈር መኪና ማስገባት ዘበት ነው። የድርጅቱን ፒካፕ ቡዜ ሱቅ በር ላይ አቁመው የሰፈሩን ፖስታ ሁሉ ለቡዜ ሰጧት፤ ባለቤቶቹ ሲያልፉ ይወስዳሉ። የማስረከቢያው ወረቀት ግን እስከ አሥር ሰዓት ተፈርሞ መመለስ አለበት። ባለቤቱን ማን ቆሞ ይጠብቃል? ጋሽ ሸረፈዲን ወረቀቶቹን ኮፈኑ ላይ ደርድረው ጫር ጫር አደረጉባቸው። እንዲህ የማያደርግ ሾፌር የለም። መነጽራቸው ቤት ቀርቷል፤ ድሮም ቢሆን ቁጥሩን እንጂ ስሙን አያዩም።

«ኧረ ጋሼ፣ ዛሬም በዚህ በአረንጓዴ እስክሪብቶ?» አለች ቡዜ እየሳቀች።

«ሰማያዊውን ደንበኛ ሁሉ ኪሱ እየከተተ ጨረሰብኝ። አረንጓዴ ማን ይሰርቃል?»

«እውነትዎን ነው። በደሴ ከእርስዎ ሌላ የያዘ አላየሁም።»

አሥራ አራት ነበሩ። ጨርሰው ሄዱ።

በሳምንቱ ፊርደውስ ሾፌሮቹን ሰብስባ «ሚስባህ ተቀብሎ ፈርሟል። ወረቀቱ ኮምቦልቻ ፋይል ውስጥ ነው» አለቻቸው።

ሁሉም ዞሮ ሚስባህን አየ። ከሰባቱ በዕድሜ ትንሹ እሱ ነው። መንዳት ያስተማሩትም፣ ድርጅቱ ያስገቡትም ጋሽ ሸረፈዲን ናቸው።

«ወላሂ አልፈረምኩም! ደብዳቤውን በዓይኔ አላየሁትም!»

«ታዲያ ከሥራ ስትወጣ በየቀኑ ኮምቦልቻ የምትወርደው ምን ልትሠራ ነው?» አለ ከሾፌሮቹ አንዱ፣ ካሊድ። «እዚያ ቢሮው በር ላይ አይቼሃለሁ።»

«አባቴ ታሞ እህቴ ዘንድ ተኝቷል። ቤቷ ከቢሮው ጀርባ ነው።»

«አባትህን መሸፈኛ አታድርገው» አሉ ጋሽ ሸረፈዲን። «ከዛሬ ጀምሮ አላውቅህም።»

በወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል። ሰላምታውን የሚመልስለት ጠፋ። ሻይ ቤት ሲገባ ካሊድ ወንበሩን ይዞ ዞረ።

የሌሎቹም ወኔ ከዚያ ወዲያ አልቆየም። አንዱ ከፈረመ ቀሪው ምን ይዞ ይቀራል? አንድ በአንድ ፈረሙ። ጋሽ ሸረፈዲንም መጨረሻ ላይ ፈረሙ፤ ሲፈርሙም ሚስባህን እየረገሙ ነበር። ፒካፓቸውን አስረክበው በአማቻቸው ባጃጅ ኮንትራት ያዙ። ሚስባህ ባጃጅ የሚሰጠው አማች አልነበረውም፤ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ጭነት ተሸካሚ ሆነ።

ከዚያ አባቱ ሞቱ።

«እውነትም ታመው ኖሯል» አለ ካሊድ ቀስ ብሎ። «አንሄድም ጋሼ?»

ጋሽ ሸረፈዲን ሟቹን ያውቋቸዋል። ከዓመታት በፊት ሐረጎ ላይ መኪና ተበላሽቶባቸው በዝናብ ሲንገላቱ ቤታቸው ወስደው፣ አልጋቸውን ለቀው ያሳደሯቸው እኒያ ሰው ናቸው። ጋሽ ሸረፈዲን ይህን ለካሊድ አልነገሩትም።

«ቢታመሙስ? ቀድሞ የፈረመው ልጃቸው ነው። ቃል ቃል ነው» አሉ።

ማንም ወደ ኮምቦልቻ አልወረደም። ጀናዛውን የፋብሪካ ሰዎች ተሸከሙት። ጋሽ ሸረፈዲን ያን ቀን እህል አልቀመሱም። መስጊድም ሄደው ከኋላ ጥግ ይዘው ሰገዱ፤ ሰው እንዳያናግራቸው ቀድመው ወጡ። አፍረው ነበር። ኀፍረታቸውን ለሚስታቸው ለረሂማ እንኳ መናገር አፈሩ።

በወሩ ሚስባህ ቤታቸው ድረስ መጣ። ከስቷል፤ ትከሻውን ጆንያ ልጦታል። ጋሽ ሸረፈዲን ቀና ብለው ሊያዩት አልቻሉም።

«አባትህን አልቀበርኩም። አልጋቸው ላይ ተኝቼ፣ አፈር ግን ነፈግኳቸው። አፉ በለኝ ልጄ» አሉ። ቀጥለው ግን አላስቻላቸውም፤ «ምነው ግን ባትፈርም ኖሮ?»

ሚስባህ ከኪሱ በአራት የታጠፈ ወረቀት አወጣ።

«ፈረምክ የተባልኩበት ይህ ነው። ፊርደውስን ለምኜ ለምኜ ዋናውን ሰጠችኝ። ለካሊድም ለማንም አላሳየሁም።»

«ካልፈረምክ ለምን አታሳይም? ለሁሉም አሳይ እንጂ! ስምህን አጥራ!»

«እርስዎ ይዩት፣ ይበቃኛል።» ወረቀቱን እጃቸው ላይ አኖረና ተነሳ። «አፉ ብዬዎታለሁ ጋሼ።»

በሩን ቀስ አድርጎ ዘግቶ ወጣ። ጋሽ ሸረፈዲን መነጽራቸውን ፈልገው አደረጉና ወረቀቱን ዘረጉት። የማስረከቢያ ወረቀት ነው። ተቀባይ፣ ሚስባህ። አድራሻ፣ ሰኞ ገበያ።

ፊርማው አረንጓዴ ነበር።