ፊደል የሌላት ሳንቲም

ሠላሳ አራተኛውን ስብስብ ከሣጥኑ አውጥቼ ወደ መብራቱ አስጠጋዋለሁ። በደረቅ ፕላስቲክ የታሸጉ፣ የሰው እጅ ያልነካቸው አምስት ሳንቲሞች ናቸው። አጉሊ መነጽሬን አስር ሳንቲሟ ላይ አደርጋለሁ። ከዓመተ ምሕረቱ በላይ የማተሚያ ቤቱ ምልክት የሆነች፣ ኤስ የምትል ደቃቅ ፊደል መኖር ነበረባት።

ፊደሏ የለችም።

መነጽሩን በሸሚዜ ጫፍ ወልውዬ ደግሜ አያለሁ። የለችም። በዚያ ዓመት ከማተሚያዎቹ አንዱ ላይ ፊደሏን መቅረጽ ረስተው፣ ስህተቱ እስኪታወቅ ድረስ ጥቂት ሳንቲሞች አምልጠው ወጥተዋል። ወዳጄ ዴልማር ይህችን ሳንቲም አርባ ዓመት ሙሉ ፈልጓታል። ባለፈው መጋቢት ቀበርነው። እሷ ደግሞ ከገዛ አልጋው ሥር ነበረች።

ወይ እኔ። ስኳሩ ዓይኑን ሲያዳክምበት ሣጥኖቹን ሁሉ ለእኔ ነበር ያቀረበልኝ። በሳንቲም ሰብሳቢዎች ክበባችን የኖርበርትን ዓይን የሚያህል የለም ይባላል፤ ሞኙ እኔም አምኜ ተቀብዬዋለሁ። እሱ አንድ በአንድ ያቀብለኛል፣ እኔ "የለም፣ ቀጥል" እላለሁ። የመጨረሻው ይሄ ሣጥን ነበር። ቴሌቪዥኑ ላይ ቤዝቦል ነበር፤ ቡድናችን እየመራ ነበር። ግማሹን እንኳ በወጉ አላየሁትም። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ማለት እኔ ነኝ።

"ምነው ዝም አልክ? እንቅልፍ ወሰደህ እንዴ?" ትላለች የዴልማር ሚስት አርሊን፣ ዕቃ እያጠበች።

"አለሁ።"

"በቃ ተወው፤ ለወጉ ያህል ብዬ ነው እይልኝ ያልኩህ እንጂ አንዴ አይተኸው የለ። ነገ ሳንቲሞቹን የሚገዛው ነጋዴ መጥቶ ሁሉንም ይወስደዋል።"

ስብስቡን መልሼ ሣጥኑ ውስጥ ብከተው ማን ያውቃል? ነጋዴው ከተራው ጋር ይጭነዋል፣ እኔም እንደተከበርኩ እሞታለሁ። ይህን ማሰቤ ራሱ ያሳፍረኛል።

"ሆስፒታል እያለ ስለዚህ ሣጥን ጠይቆኝ ነበር" ትላለች ጀርባዋን እንደሰጠችኝ። "ኖርበርት አይቶት የለም ብሏል አልኩት። 'እሱ የለም ካለ የለም' አለና ወደ ግድግዳው ዞረ። ከዚያ ወዲህ የሳንቲም ነገር አንስቶ አያውቅም።"

አጉሊ መነጽሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣለሁ።

"አርሊን፣ እስቲ ነይ ተቀመጪ።"

"ምን ሆንክ?"

"አለች። ይኸው፣ እዚህ ናት። ያን ቀን ጨዋታውን ነበር የማየው። ሳላያት ነው የለም ያልኩት።"

እጇን ቀስ ብላ ታደርቃለች። ስድብ እጠብቃለሁ፤ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ስብስቡን ከእጄ ወስዳ ለአፍታ ታየዋለች፤ አጉሊ መነጽሩን ግን አትጠይቀኝም። ካፖርቷን ለብሳ ስብስቡን ኪሷ ውስጥ ትከተዋለች። ከዚያ የመኪናውን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ፣ ፊቴ ታስቀምጠዋለች።

"ወዴት ነው?"

"መቃብሩ ጋ። እኔ እዚያ ቆሜ ይህን ልነግረው አልችልም። አንተው ትነግረዋለህ።"