የባለሐዘን ፍራሽ

ቤዛዊት «ስማቸው ያልታወቀ ሁለት ወንዶች» የሚለውን ወረቀት ግድግዳው ላይ ልትለጥፍ ስትል እጇን ያዝኩት።

«ቆይ የኔ ልጅ። ይታወቃል።»

የልጅ ልጄ ናት። እዚህ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ የጥልፍ ሥራዋን የምታሳይበት አዳራሽ ሊከፈት ግማሽ ሰዓት ቀርቶታል፤ እኔን ወንድሜ እንግዳወርቅ ከሲልቨር ስፕሪንግ ድራይቭ አድርጎ ገና አሁን ማምጣቱ ነው። ፊት ለፊቴ አሮጌ ፎቶ አጉልታ ያተመችበት ሰፊ አቡጀዲ ተሰቅሏል። ሁለት ጎረምሶች እጅ ለእጅ ተያይዘው ይታዩበታል፤ ደሴ፣ በጣሊያን ጊዜ። ፎቶ ያነሣቸው ጣሊያን ስማቸውን እንኳ ሳይጠይቅ ከሥር «የአገሬው ዓይነት፣ ቁጥር 41» ብሎ ጽፎ ፖስት ካርድ አድርጎ ሸጣቸው። ቤዛዬ ቁጥሩን በቀይ ክር ጠልፋ ደፍናዋለች።

ካርዱን ያገኘችው ከእኔ ሻንጣ ነው። ማናቸው ባለችኝ ቁጥር «እኔ እንጃ» እያልኩ ስሸሻት ኖሬአለሁ። ጣሊያኑስ አያውቃቸውም። እኔ ግን እያወቅኩ።

«በግራ ያለው አጎቴ ንጉሡ ነው፤ የገዛ ፊቱን ከሱቅ ገዝቶ ያስቀመጠው እሱ ነው። በቀኝ ያለው ጀላልዲን። ፒያሳ ልብስ ይሰፉ ነበር።»

እንግዳወርቅ ጉሮሮውን ጠራረገ። «እትዬ፣ ተይ እንጂ። የቤተ ክርስቲያኑ ሰው ሁሉ ይመጣል። ነገ ቲክቶክ ላይ ነው የምንወጣው።»

«እንውጣ። ነጠላዬ እንደሆን ንጹሕ ነው።»

ቤዛዊት ድምጿን ዝቅ አደረገች። «እማማ፣ እነሱም… እንደ እኔና ሃኒ?»

ሃኒ አብራት የምትኖረው ናት። እኛ ዘንድ መምጣት ከጀመረች አምስት ዓመቷ፤ «የቤዛ ጓደኛ» እንላታለን፣ በዚያው እናልፈዋለን። ጥግ ላይ መሰላሉን እያጠፈች ነበር፤ ቀጥ አለች።

«አንድ ቤት፣ አንድ አልጋ፣ ሠላሳ ዓመት» አልኩ። «ሰፈሩ ያውቃል፣ ሰፈሩ ዝም። አጎቴ የሞተ ጊዜ ጀላልዲን ማንቆርቆሪያ ይዞ ድንኳኑ በር ላይ ቆመ፤ ለቀስተኛ ያስታጥባል፣ እንደ ባዳ። እናቴ ተነሣች። ማንቆርቆሪያውን ከእጁ ተቀበለችና ከጎኗ፣ የባለሐዘን ፍራሽ ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ በኋላ የገባ ሁሉ መጀመሪያ እሱን ነው ‹እግዜር ያጥናህ› ያለው። ለምን ያለ አንድ ሰው የለም።»

እንግዳወርቅ አቀረቀረ። ያን ጊዜ ሰባት ዓመቱ ነበር።

«ከረሜላ ይሰጠኝ ነበር» አለ፣ ለራሱ እንደሚያወራ። «ጀላል።»

ቤዛዊት ወረቀቱን ገልብጣ ሁለቱን ስሞች በጀርባው ጻፈች፤ በአማርኛም በእንግሊዝኛም። ስትለጥፈው አውራ ጣቷን ቶሎ አላነሣችም።

«በሉ እንግዲህ፣ ሰው ሳይገባ ፎቶ እንነሣ» አለ ወንድሜ። ስልኩንም እንደ ልማዱ ለሃኒ አቀበላት። «ሃኒዬ፣ አንሺን።»

በልደቱም በፋሲካውም የምታነሣን እሷ ናት። ስንት ፎቶ አለን፤ አንዱም ላይ የለችም።

ሄድኩና ስልኩን ከእጇ ተቀበልኩ።

«እንካ፣ አንተ አንሣ» አልኩት።

ሃኒን በእኔና በቤዛዊት መካከል አስገባኋት። እጇ ቀዝቅዟል፤ ያዝኩት። በወዲያ በኩል ቤዛዊት ያዘችላት።

እንግዳወርቅ ስልኩን ወደ ዓይኑ አነሣ።

«ራቅ በል እንጂ» አልኩት። «አልበቃንም።»

አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ። አይቶን ሌላም ጨመረ።