የሙሰዲቅ ድምፅ

አክሲዮን የገዛችበት ኩባንያ የድምፅ ክፍሉን ሊሸጥ መሆኑን ሙንተሃ የሰማችው የማዳሟን ልብስ ስትተኩስ ነው። ማግስቱ አርብ ነበር፣ የእረፍት ቀኗ። ከማዳሟ ሰፈር ከሄሮን በሚኒባስ ተሳፍራ የኩባንያው ቢሮ ያለበት ሰፈር፣ ካርቲየ 2 ወረደች።

ባለአክሲዮኖቹ ቀድመዋት ተሰብስበዋል። አብዛኞቹ እንደ እሷ የቤት ሠራተኞች፣ የቀሩት የከባድ መኪና ሾፌሮች ናቸው። ኩባንያውን የመሠረተው ሀይለየሱስ የአየር ማቀዝቀዣው ሥር ቆሞም ያልበዋል።

የድምፅ ክፍሉ ሥራ ቀላል ነው። ባሕር የሚሻገር ሰው ከመሄዱ በፊት እዚህ መጥቶ ግማሽ ሰዓት ያህል ያወራል፤ ማሽኑም ድምፁን ይማራል። ከዚያ በኋላ በስሙና በምስጢር ቁጥሩ ገብቶ መልእክት ቢጽፍ፣ ማንበብ የማትችል እናቱ በልጇ በራሱ ድምፅ ትሰማዋለች።

የሙንተሃ ታናሽ ወንድም ሙሰዲቅም ድምፁን ሰጥቶ ከኦቦክ ዳርቻ በጀልባ ተሳፈረ። ይኸው ሦስት ዓመቱ። አንድም አርብ ድምፁ ከእናቱ ጆሮ ቀርቶ አያውቅም።

«ገዢው የዱባይ ኩባንያ ነው» አለ ሀይለየሱስ። «ጥሩ ዋጋ ሰጥቶናል።»

ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። ባፈና የሚባለው ሾፌር ብድግ ብሎ ትከሻውን ነቀነቀ። «ወላሂ፣ ከእንግዲህ ጋላፊ ድንበር ላይ ጎማ አልቀይርም!»

«አንድ ነገር ብቻ» አለ ሀይለየሱስ። «ገዢው ጥብቅ ነው። እያንዳንዱ ባለድምፅ በስልኩ ካሜራ ፊቱን ማሳየት አለበት። ያላሳየ ዛሬ ማታ ይሰረዛል።»

«ማሳየት የማይችልስ?» አለች ሙንተሃ።

«ካሜራ እኮ ነው እህቴ፣ ሰይፍ አይደለም!» አለ ባፈና። ሰው ሁሉ ሳቀ።

«ወንድሜ አይችልም።»

«ወረቀት የለውማ» አለች አጠገቧ የተቀመጠችው ሰብሪና። «ሳዑዲ ላይ ተደብቆ የሚኖር ሰው እንዴት ፊቱን ያሳያል?»

ሙንተሃ እጆቿን ጭኗ ላይ አቆላለፈች።

ሽያጩን የሚደግፉ እጅ እንዲያወጡ ተጠየቀ። ሁሉም አወጣ። የሙንተሃ እጆች ጭኗ ላይ እንደተቆላለፉ ቀሩ።

«ሰርጋችን ላይ ሙሾ አታውርጂብን እንጂ!» አለ ባፈና።

ሰው ሲበተን ሀይለየሱስን ተከትላ ደረጃው ላይ ደረሰችበት። «የእሱን ብቻ አስቀሩልኝ። አክሲዮኔን ውሰዱት።»

«ሁሉም አንድ ላይ ነው የተሸጠው፣ ሙንትዬ። በቃ ለእናታችሁ ቀጥታ ይደውልላቸዋ!»

መንገድ ላይ ስልኳ ጮኸ። እናቷ ናቸው፣ ከሀገር ቤት፣ ከሀርቡ።

«ዛሬ የወንድምሽ ድምፅ ዘገየብኝ» አሉ። «ደህና ነው?»

«ደህና ነው፣ እማ። ይመጣል።»

«አንቺን ይሰማሻል፤ አግባ በይው። ልጁን ታቅፌ ልሙት።»

«እነግረዋለሁ።»

ከአንድ የተዘጋ ሱቅ ጥላ ሥር ተቀመጠች። ሙቀቱ አስፋልቱን ያነደዋል። እንባዋን በሻሿ ጫፍ ጠርጋ ስልኳን ከፈተች።

ባሕሩ የመለሰውን ወንድሟን ኦቦክ ዳርቻ ላይ ከቀበረችበት ጊዜ ጀምሮ አርብ አርብ እንደምታደርገው፣ በስሙ ገብታ ጻፈች፦ «እማ፣ ሙሰዲቅ ነኝ። ላገባ ነው። ከእንግዲህ ድምፄ ቢጠፋብሽ፣ ትዳር ይዞት ነው በይ።»