አምስተኛው ጥንድ

«ሂድና ፊትህን ታጠብ!» አልኩት ኬሚስቱን። ሽቶ ተቀብቶ መጥቷል፤ ያውም በዛሬ ቀን! ወይን ጠጅ የሚቀመስበት ክፍል ሙሽራ መስሎ ይገባል እንዴ ሰው? እያጉረመረመ ወጣ። እኔም መስኮቱን ወለል አድርጌ ከፈትኩት።

ሥራ አስኪያጇ ሰዓቷን ታያለች። የወይን ጠጅ ፋብሪካችን ባለቤት ልጅ ናት፤ አዝዬ ያሳደግኋት ልጅ ዛሬ አለቃዬ ሆናለች። ለሰኞ ትራክተር አዛለች። ከኮረብታው ሥር ያለው የጥቁሩ ወይን ማሳ ሊነቀል ነው፤ ወንድሜ አርባ ዓመት ሙሉ የደከመበት ማሳ። ጥፋቱ ምንድን ነው ቢባል፣ ርካሹ ቀይ ድብልቃችን ውስጥ ሲገባ አፍ ያጨማድዳል፣ ጥርስ ያጠርሳል፣ ደንበኛ ያማርራል።

እኔ ቀማሿ ደግሞ «ሲቆይ ይለዝባል» ባይ ነኝ። ስለዚህ የዛሬ አምስት ዓመት ያንኑ ድብልቅ ዐሥር ጠርሙስ ሞላሁ፤ አምስቱን ጥቁሩን ጨምሬ፣ አምስቱን ያለሱ። በየዓመቱ አንድ ጥንድ እንከፍታለን፤ የትኛው የቱ እንደሆነ ሳናውቅ እንፈርዳለን። አራቱንም ዓመት ጥቁሩ ያለበት የኔው ተሸነፈ። አራቱንም ዓመት በገዛ አፌ ጣልኩት። ምን ላድርግ፣ መዋሸት አልችልበትም። የቀረው የዛሬው ጥንድ ብቻ ነው።

ወንድሜ በሩ አጠገብ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጧል፤ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎታል።

«ወንድም ጋሼ፣ ለምን ለፋህ? እኔው መጥቼ እነግርህ ነበር እኮ።»

«ቁርጤን ቶሎ ልወቅ ብዬ ነዋ» አለ።

ኬሚስቱ ሲመለስ ደግሞ ሳሙና ሳሙና ይሸታል። ጉድ እኮ ነው! እዚያው ኮሪደር ላይ ሆኖ ይቅዳ ብዬ በሩን ዘጋሁበት። ጥቁሩ ያለበት ጠርሙስ አተላ ስለሚጥል፣ በዓይን እንዳንለየው ሁለቱንም በስስ ጨርቅ አጥልሎ ቀዳና በበሩ አቀበለን። ለኔ ሁለት፣ ለእሷ ሁለት ብርጭቆ፤ «አንድ» እና «ሁለት» የሚል ወረቀት ተለጥፎባቸዋል።

አንድን ቀመስኩ። ለስላሳ ነው፣ ጨዋ ነው፤ ነገር ግን አፌ ውስጥ ትንሽ እንደቆየ ውሃ ውሃ አለኝ። ባልዲው ውስጥ ተፋሁት። ሁለትን አሸተትኩ፤ የደረቀ ፕሪምና ቁንዶ በርበሬ። ቀመስኩት። መጨረሻው ላይ ጥቂት ምሬት አለው፤ ደግሞ ቅመሰኝ የሚያሰኝ ምሬት።

ይሄ የኔ በሆነልኝ አልኩ፤ መመኘቴ ራሱ አስደነገጠኝ። የተመኘ ሰው የፈለገውን ነው የሚቀምሰው። አፌን ተጉመጠመጥኩ፣ ደረቅ ዳቦ አኘክሁ፣ እንደ አዲስ ጀመርኩ። እንዲህ እያልኩ ሦስት ጊዜ።

«እትዬ፣ ስንት ጊዜ ሊቀምሱ ነው?»

«እርግጠኛ እስክሆን።»

ተንፍሳ ብርጭቆዋን ገፋ አደረገች። «ለኔ ሁለት ይሻላል።»

«ለኔም ሁለት» አልኩ።

ኬሚስቱ በሩን ገርበብ አድርጎ ጭንቅላቱን ብቻ አስገባ። «ሁለት ጥቁሩ ያለበት ነው» አለ። እሰይ! እልል ልል ምንም አልቀረኝ።

እሷ ግን ፈገግ እንኳ አላለችም። «ጥሩ ነው፣ አልክድም። ግን እትዬ፣ ይሄ ርካሽ ወይን ጠጅ ነው። ሰው ከሱቅ ገዝቶ የዚያኑ ቀን ነው የሚጠጣው። አምስት ዓመት ማን ይጠብቀዋል?»

ደሜ ፈላ። «ርካሽ የሚገዛ ሰው ጥሩ ነገር አይገባውም ያለሽ ማን ነው? እኛ ጋ ይቆይለታላ! የታችኛው መጋዘን ባዶውን አይደል እንዴ ያለው?»

«እሺ ቦታውስ ይኑር። አምስት ዓመት እኮ ነው የምልዎት። ማን ይጠብቃል?»

መልስ ሳዘጋጅ ወንድሜ ተነስቶ ጠረጴዛው ጋ ደርሷል። «እስቲ እኔም ልቅመሰው» አለ። ሁለት ቁጥርን ሰጠሁት። ይህ ሰው ይተክላል፣ ይገርዛል፣ ይለቅማል፤ ከቆየው ግን አንዲት ጠብታ ቀምሶ አያውቅም። ማን ሰጥቶት? እኔስ ብሆን አርባ ዓመት የት ነበርኩ? አፈርኩ።

እንደኛ አልተፋውም። ቀስ ብሎ ዋጠውና ብርጭቆውን ትኩር ብሎ አየው።

«ይሄ የኛው ጥቁር ነው?»

«ነው።»

«እንዲህ ይሆናል?»

«እንዲህ ይሆናል፣ ወንድም ጋሼ።»

ወደ እሷ ዞረ። «ሰባ ሁለት ዓመቴ ነው» አላት። «ዛሬ ካስቀመጣችሁት እኔ እጠብቃለሁ።»

እሱን አየችው፣ ብርጭቆውን አየች፣ ደግሞ እሱን። ከዚያ ስልኳን አነሳችና «የሰኞው ትራክተር ይቅር» አለች። ወደ እኔ ዞራ ጣቷን ቀሰረች። «ከዘንድሮው አንድ ሺህ ጠርሙስ፣ እትዬ። ከዚያ በላይ አንድም አልጨምርም።»

«አንድ ሺህ ይበቃል!» አልኩ። ሐሳቧን ሳትቀይር ኬሚስቱን ጠራሁት፤ ሽቶውም ሳሙናውም ተረሳ። ባዶ ሣጥን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ጎኑ ላይ በጥቁር ቀለም የሚከፈትበትን ዓመት ጻፈ።

ወንድሜ መነጽሩን ከኪሱ አውጥቶ አነበበው። ከዚያ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ፣ ቁጥር በቁጥር፣ እንደገና አነበበው።