የምንይሉ ዝውውር

ከሞላሌ እስከ መሐል ሜዳ እንደ ቢተው ያለ ክርክር ወዳድ አልተፈጠረም። በሬዎቹ እንኳ ከሱ ጋር ከመከራከር ብለው ሳይነዱ ያርሳሉ።

ልጁ ምንይሉ ደብረ ብርሃን ኮሌጅ ገብቶ ለኮሌጁ ቡድን ኳስ ይጫወታል። እሱ ኳስ ሲመታ ጓሳ ላይ ያሉ ጭላዳዎች ሣር መንቀላቸውን ትተው ጆሯቸውን ያቆማሉ። ዝናው አዲስ አበባ ደርሶ አንድ ሀብታም ኮሌጅ፣ «ወደኛ ተዛወር፤ ትምህርትህን ችለን የወር ደመወዝ እንቆርጥልሃለን» አለው። ልጁ ግን «አባቴ ካልፈቀደ አልፈርምም» ብሎ ውሉን አቆየው።

ቢተው አልፈቀደም። ደብረ ብርሃንም ርቆበታል፤ ልጁን ካየው ጥምቀት አልፎ ክረምት ሊገባ ነው።

ዛሬ ጎህ ሲቀድ የደብረ ብርሃኑ አሰልጣኝ መኳንንት፣ ቄስ አፈወርቅና ጎረቤቱ ጫኔ በሩ ላይ ቆሙ። ቢተው ሳቁ መጣ። ሽማግሌ ይዘው ሊያስፈርሙት መጥተዋላ።

«ለዚህ ነው ሴቶቹ ይዘንጋሽን ገና በጨለማ ጠርተው የወሰዷት» አለ። «ሚስቴን ቀድማችሁ ልታሳምኑ።»

ሦስቱም ገብተው ተቀመጡ።

ጫኔ ጥላውን እንኳ ለመንገደኛ የማያውስ ስስታም ነው። ዛሬ ግን ትኩስ የገብስ ዳቦ ይዟል።

«መጀመሪያ እህል ቅመስ» አለው።

«ጉቦ ነው?»

«ብላ ብቻ። ቀኑ ረጅም ነው።»

ቢተው በላ። ጉቦም ቢሆን ገብስ ገብስ ነው።

«እሺ መኳንንት» አለ እየዋጠ፣ «ልጄን ስታዛውሩ ኮሌጃችሁ እንደሚከፈለው ሰምቻለሁ። ዐይንህ ደም ለብሷል፤ በሱ ስትጠጣ ነው ያደርከው?»

«ስንጓዝ ነው ያደርነው፣ አባባ።»

«ደመወዙ ይጨመርለት።»

«እሺ።»

«ለእናቱም ድርሻ ይቆረጥላት።»

«እሺ፣ አባባ።»

ቢተው ጠረጠረ። አንድ ጠቦት ሲሸጥ እንኳ ገዢው እስኪያለቅስ ይከራከራል። ሁሉን እሺ የሚል ገዢ ደግሞ ወይ ሌባ ነው ወይ ሌላ ነገር ደብቋል።

«እግሩን ቢሰብሩትስ ማን ያሳክመዋል?»

አሰልጣኙ አንገቱን ደፋ።

«አየህ» አለ ቢተው፣ «እዚች ላይ ተያዝክ። እንግዲህ ስሙኝ። ደመወዙም ይቅር፣ አዲስ አበባም ይቅር። ዛሬ ይመጣል ነገ ይመጣል እያልኩ በር በር ሳይ አረጀሁ። እኔ የማውቀው ውል አንድ ነው፤ ልጄ ቤቱ ይምጣልኝ።»

መኳንንት ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ቢተው አየ፤ በዕድሜው ማንንም እንዲህ አድርጎ ረትቶ አያውቅም። ጢሙ ሳይቀር ሳቀ።

«ይመጣል ወይስ አይመጣም?»

«መጥቷል፣ ልጄ» አሉ ቄስ አፈወርቅ፤ «ቀብሩ ከቅዳሴ በኋላ ነው።»