ከቴሌቪዥኑ ኋላ

አባት አንድ እጁን አንቴናው ላይ፣ ሌላውን ገመዱ ላይ አድርጎ ከቴሌቪዥኑ ኋላ ቆሞ ነበር። አንዱን እንኳ ከለቀቀ ምስሉ ይጠፋል። ልጁ ደግሞ ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ዜና ልታነብ ነው።

«መጣች» አለች ሚስቱ ከፊት ለፊት ተቀምጣ።

«ምን ለብሳለች?»

«ዝም በል እስቲ፣ ድምጿን ልስማበት።»

«ለእኔ እኮ የሚታየኝ ያንቺ ፊት ብቻ ነው።»

«እሱስ ምን አነሰህ?» አለችው፤ ግን ተነሳች። የግድግዳውን መስታወት አውርዳ ደረቷ ላይ አስደገፈችና ወደ እሱ አዞረችው። መስታወቱ ግራዋን ቀኝ ቢያደርገውም ልጁ ራሷ ነበረች፤ እንደ ልማዷ ከመናገሯ በፊት ከንፈሯን ነከስ አደረገች።

ዜናው እስኪያልቅ ምስሉ የጠፋው አንዴ ብቻ ነው፤ እሱም አባት ዓይኑን ሊጠርግ እጁን ሲያነሳ።