ጥለቱ ወደ ላይ

በዚህ ዘመን ሐዘን ከሰው ደረት እንደ ጥጥ ተፈትሎ ይወጣል። ሸማኔዎች ይሸምኑትና በከተማው አዳራሽ ይሰቅሉታል፤ ሐዘንተኛው ቀልሎት፣ ማንን እንዳጣ እንኳ ረስቶ ወደ ቤቱ ይገባል። ልጃችን ናሆም ሲሞት ባለቤቴ ትርንጎ ሐዘኗን አስፈተለች። እኔ እምቢ አልኩ።

እሁድ ዕለት «አዳራሹን እንየው እስቲ» አለችኝ። ስንወጣ ነጠላዋን እንደ ለቅሶ ቤት ሰው ጥለቱን ወደ አንገቷ አዙራ ለብሳለች።

«ገልብጠሽዋል» አልኳት፣ እንደ ሁልጊዜው።

«ውይ፣ ይሄ እጄ!» ብላ ሳቀችና አስተካከለችው። አዳራሹ በር ላይ ስንደርስ ጥለቱ ተመልሶ አንገቷ ላይ ነበር።

ውስጡ መስኮት የለውም። ከተሰቀሉት መካከል በአንዲት ትንሽ ጋቢ አጠገብ ስናልፍ፣ ጋቢዋ ያለ ንፋስ ቀስ ብላ ወደ ትርንጎ ዞረች። ትርንጎ ቆመች። ከዚያ የተገለጠ ልጅ እንደምታለብስ ሁሉ ጫፏን ይዛ ወደ ላይ ሳብ አደረገቻት።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ብርድ እንዳይመታው።»

«ማንን?»

ጋቢዋን አልለቀቀችም።

«እንጃ» አለች ወደ እኔ ዞራ። «አንተ ታውቀዋለህ?»